ከጆሮው ጀርባ ያለው ነጥብ

ሦስተኛው ፈተናው ነበር፤ አራተኛ የለም። የቤተ ሙከራው ደንብ ቁርጥ ያለ ነው፦ በደኅንነት ሥልጠናው ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው፣ አደገኞቹ ጀርሞች የሚመረመሩበትን የውስጠኛውን ክፍል ደጃፍ ዕድሜ ልኩን አይረግጥም።

ተፈታኙን ሁሉም «እንፋሎት» ነው የሚለው። የቤተ ሙከራውን ቆሻሻ በእንፋሎት የሚያመክነውን ትልቅ ማሽን ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጭንና ሲያወርድ ስለኖረ የወጣለት ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ተምሮ ዲፕሎማውን ይዟል። አሁን የቀረችው አንዲት የብቃት ካርድ ናት። ካርዷን ካገኘ የውስጠኛው ክፍል ቴክኒሻን ይሆናል። ካላገኘ እንፋሎት እንደተባለ ያረጃል።

ፈታኙ ማን መሰላችሁ? ጉድ በሉ እንግዲህ! የሚወዳት ሴት ናት።

አሠልጣኟ የዳይሬክተሩ ልጅ ናት። አባቷ ዶክተር፣ እናቷ ዶክተር፣ ታላቅ ወንድሟ ዶክተር፤ «እንኳን ሰዉ፣ የዚያ ቤት ድመት እንኳ ሳትመረቅ አይጥ አትይዝም» እየተባለ የሚቀለድበት ቤት ነው። የእንፋሎት እናት ደግሞ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችው። ታዲያ ፍቅር መች ማመልከቻ አስገብቶ ይመጣል? መጣ። ዓመት ሞላው።

ዓመት ሙሉ የተዋደዱት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው የጀርባ ደረጃ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከተጠገነ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ የለም። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ደረጃው ላይ «አንቺ»። ሰው ፊት እጇን ኪሷ ትከታለች፤ ደረጃው ላይ እጁን ትይዛለች። «ለአባትሽ መቼ ነው የምትነግሪው?» ሲላት «ዲፕሎማህን ያዝና» አለችው። ያዘ። «ካርድህን ያዝና» አለችው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። አንዴ መነጽሩ ጉም ሲሞላበት በጓንቱ ከፍ አደረገው፤ አንዴ ደግሞ ጭንብሉን ከፊት በኩል ነካ። ያኔ ፈታኙ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ፈታኝነቱን እሷ ደርባ ያዘች። ከየፈተናው በፊት ፈታኝ የምትፈርማት አንዲት ወረቀት አለች፦ «ከተፈታኙ ጋር ዝምድናም ሆነ የተለየ ቅርበት የለኝም።» ያን ቀን ጠዋትም ፈረመች። 

ከፈተናው በፊት ስልኳ ጮኸ፤ የእንፋሎት መልእክት ነው። «አምስት ደቂቃ። ደረጃው ላይ።» የፈተናውን ጓንቶች እያዘጋጀች ነበር። እጇን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጋ በረረች።

«እንቅልፍ ወሰደህ?»

«የምን እንቅልፍ? ጓንት ሳወልቅ ነው ያደርኩት። እናቴ ‹አንተ ልጅ፣ ባዶ እጅህን ምን ትገፈዋለህ? አብደሃል እንዴ?› አለችኝ።»

ሳቀች። ሲያስቃት ነው ይበልጥ የምትወደው። «ና እስቲ፣ ኮሌታህ ታጥፏል።» የጃኬቱን ኮሌታ አቃናችለት፤ ጣቷም ማንም ሳያዛት ከኮሌታው ወደ ጆሮው ጀርባ ሄደች። ዓይኑን ጨፈነ።

«ዛሬ ካለፍኩስ?»

«ዛሬውኑ ለአባዬ እነግረዋለሁ።»

«ከወደቅኩስ?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እሳት እንደነካት እጇን ከአንገቱ ላይ መነጨቀች። ኮቴው በሌላ በር ገባና ጠፋ፤ ማንም አልመጣም። እንፋሎት ግን አመነጫጨቋን አየ። ዓመት ሙሉ ሲያየው የኖረ ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን አንጀቱን በላው።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መታጠቢያ፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ተፈታኙ ሙሉ መከላከያውን ይለብሳል። ከውጭ የሚያጠልቀው ጓንት ላይ በዓይን የማይታይ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ዱቄቱ ሐምራዊ መብራት ሲበራበት አረንጓዴ ያበራል። እንግዲህ ያ ዱቄት ጀርሙ ነው በሉት። ተፈታኙ ሁሉንም በተራ ያወልቃል፤ ጓንቱን፣ ካባውን፣ መነጽሩን፣ ጭንብሉን፣ የውስጡን ጓንት። ከዚያ ክፍሉ ይጨልማል፣ መብራቱ ይበራል። ገላው ላይ አንዲት ነጥብ ከታየች ወድቋል።

ደንቡ ተፈታኙ ከመጀመሩም በፊት በዚያ መብራት ይታይ ይላል። ያን ቀን ግን አሠልጣኟ ፈራች። በጨለማ ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ እንዲያ ቀርባው ዓይኑን ማየት አልቻለችም። «ይጀምሩ» አለች።

ጀመረ። እንዴት ያለ አወላለቅ ነበር! አይቸኩልም፣ አያመነታም፤ ሕፃን ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ አባት ይመስል ነበር። ጓንቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገለበጠ። ካባውን ጠቅልሎ ጣለ። ጭንብሉን በማሰሪያው ይዞ ራቅ አድርጎ አወለቀ። አሠልጣኟ ሰዓቷን ያየች መስላ እንባዋን ዋጠች። ልታጨበጭብለት ምንም አልቀራት።

ብርሃኑን አጠፋች፣ ሐምራዊውን አበራች፤ እንደ ልማዷም እጇን ኪሷ ከተተች። መዳፉ ንጹሕ። ክንዱ ንጹሕ። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አገጩ ንጹሕ። በልቧ «ተመስገን» ማለት ጀምራ ነበር። ዞር እንዲል ነገረችው፤ ዞረ። ከግራ ጆሮው ጀርባ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላ ትታያለች።



ሰው የራሱን ጆሮ ጀርባ አያይም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። አፏን ብትዘጋ ማንም አያውቅባትም፤ ካርዱን ያገኛል፣ ማታ ለአባቷ ትነግራለች፣ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ግን በሥልጠናው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የአንድ ቴክኒሻን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፈታኙ ስሕተቱን አይቶ እንዳላየ ያሳለፈው ሰው ነው፤ ጓደኛው ስለነበር ይሉኝታ ይዞት። ሰውዬው ስድስት ወር ሠርቶ፣ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ሳንባው ገብቶ ሞተ። እሷ ራሷ በየዓመቱ ያን ፎቶ እያሳየች «ይሉኝታ ነው የገደለው» ብላ ታስተምራለች። እንግዲህ ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው?

«ምነው ዝም አሉ?» አለ እንፋሎት በጨለማው ውስጥ።

«ነጥብ አለ።» ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ከግራ ጆሮዎ ጀርባ።»

«እጄን አላነሣሁም እኮ።»

«አለ። አየሁት።»

 በቀስታ «እርግጠኛ ነሽ?» አላት፤ የደረጃው ላይ ድምፁ ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ብርሃኑን አበራች። ቅጹ ላይ «አላለፈም» ብላ ጻፈች። እንዲጮህባት፣ «መስታወት አምጪ» እንዲላት፣ ወረቀቱን እንዲቀድባት ፈለገች። እሱ ግን እስክሪብቶውን ተቀብሏት «ውጤቱን ተቀብያለሁ» ከሚለው ሥር ፈረመ፤ ታጠበ፤ ወጣ። በሩን እንኳ በዝግታ ነው የዘጋው። ቢወረውረው ኖሮ ይሻላት ነበር።

የልብስ ክፍሏ እትዬ መጡ። የሠራተኛውን ሁሉ ካባ የሚያጥቡ፣ የሠራተኛውንም ሁሉ ምስጢር የሚያውቁ ሴትዮ ናቸው።

«ልጄ፣ ያ ልጅ ይህን ስጡልኝ ብሎኝ ነው» አሏትና የታጠፈ ወረቀት ሰጧት። «ፊቱ አመድ መስሏል። ምን አደረግሽው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረጉት ሰው እንደዚያ አይሆንም። እኔም ወጣት ነበርኩ እኮ፣ ዛሬ እንዲህ ብታዪኝ!» ልትስቅላቸው አልቻለችም። እሳቸውም ትክ ብለው አይተዋት ወጡ።

ደብዳቤው አጭር ነው።

«እጄን አላነሣሁም። እጄ የት እንደነበረ አውቃለሁ። ግን አንቺ አየሁ ካልሽ አይተሻል፤ አንቺ አትዋሺም። ስለዚህ የዋሸኝ እጄ ነው ማለት ነው። ደረጃው ላይ ‹ከወደቅኩስ?› ብዬሽ አልመለስሽልኝም፤ እጅሽ ግን መልሶልኛል። አላዝንብሽም። ከእንግዲህ ለአባትሽ የምትነግሪው ነገር ስለሌለ ዕረፊ። የመግቢያ ካርዴን መልሼ እሄዳለሁ፤ የማሽኑንም ሥራ እተዋለሁ። በየቀኑ በዚያ ደረጃ አጠገብ እያለፍኩ መኖር አልችልም።»

 ሦስቴ አነበበችው። ሦስቴም «እጄን አላነሣሁም» ከምትለዋ ቃል አላልፍ አለች። እውነቱን ነው፤ ስታየው ነበር። ዓይኗን ከእጁ ላይ አንዲት ሰከንድ አላነሣችም። እጁ ካልወጣ፣ ነጥቡ በምን ወጣ?

ሐምራዊው መብራት ገና አልጠፋም ነበር። ብርሃኑን አጥፍታ ጠረጴዛውን ልታይ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ንጹሕ ነው። ደብዳቤው ግን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ያበራል። ደብዳቤውን የያዙት ሁለት ጣቶችም ያበራሉ። የራሷ ጣቶች።

ክው አለች።

ፎጣው! ጠዋት ጓንቶቹን በዱቄት ስታዘጋጅ ስልኳ ጮኸ፣ እጇን በፎጣ ጠርጋ ሮጠች። አልታጠበችም። በመብራትም አላየችውም። «ንጹሕ የሚመስል እጅ ነው ሰው የሚገድለው» እያለች ሰው የምታስተምር ሴት! በእጅ የሚያዘውን ትንሹን መብራት አንሥታ ወጣች። የበሩ እጀታ ላይ የጣቷ ምልክት አለ። የጀርባው ደረጃ መደገፊያ ላይ አለ። እነሱ የሚቆሙባት ቦታ ግድግዳ ላይ አለ። እጅ ከፍንጅ ተያዘች፤ ያዢዋም ራሷ ናት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጥቧን እሷው ነች ያስቀመጠችው። ስትወደው አስቀመጠችው፣ ከዚያ በዚያችው ነጥብ ጣለችው። ዝም ብትል እሱ እንኳ አይጠረጥራትም፤ የገዛ እጁን ከስሶ ፈርሟል። ብትናገር ደግሞ የፈረመችው ወረቀት ሐሰት መሆኑ ይወጣል፤ ሥራዋ ያከትማል፣ የአባቷም ስም በየኮሪደሩ ይነሣል። ደጋግማ ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር።

እትዬ ከታች ሆነው ተጣሩ። «ልጄ! ካርዱን ሊመልስ ወደ አባትሽ ቢሮ ወጣ እኮ!»

ሮጠች።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ወረቀት ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ የእንፋሎት የመግቢያ ካርድ ተቀምጧል። እሱ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል፤ ሲያያት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ዶክተር» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ ሥራ ላይ አባቷን ሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። «ፈተናው ልክ አይደለም። እሱ አልተሳሳተም። ነጥቡን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ዱቄት ባለበት እጄ ነካሁት፤ ከፈተናው በፊትም በመብራት አላየሁትም።»

እንፋሎት ዘወር አለ። ሥራዋን ልትሠዋለት እንደመጣች ወዲያው ገባው። «አይስሟት ዶክተር! እኔ ነኝ። አሁን ትዝ አለኝ፣ ጆሮዬን በልቶኝ አከክሁት።»

«ይዋሻል!»

«ተይ እንጂ! ሥራሽን ልታጪ ነው እኮ! እኔ ምን አለኝ?»

ዳይሬክተሩ ቀና አሉ። አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። «ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አሉ በቀዝቃዛ ድምፅ። «ይህ ቤተ ሙከራ ነው። ለቅሶ አልሰማም፤ ማስረጃ ካለ ይምጣ።»

መጋረጃውን ጎትታ ዘጋች። ቢሮው ደበዘዘ። እንፋሎት አጠገብ ሄደች፤ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል «እባክህ» አለችው። ትንሹን መብራት ኮሌታው ላይ አበራች። ጃኬቱ በፈተናው ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰቅሎ ነበር፤ ፈተናው ክፍል አልገባም። ኮሌታው ላይ ሁለት ቀጫጭን የጣት ምልክቶች ጎን ለጎን ያበራሉ። የራሷን ጣቶች አጠገባቸው አቀረበች። በልክ ነበሩ።

ዳይሬክተሩ ተነሥተው መጡ። ያንን አረንጓዴ ብርሃን፣ የልጃቸውንም ጣቶች፣ የሰውየውንም አንገት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ለምን ነካሽው?»

«ኮሌታው ታጥፎ…» መብራቱን አጠፋች። «ስለምወደው ነው፣ አባዬ።»



«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ሆነን።»

«ዓመት ሙሉ እኔን ፈርተሽ?»

«አንተን፣ እማዬን፣ ሰዉን፣ ሁሉን ፈርቼ! እንደ በሽታ ነው የደበቅሁት፣ አባዬ። ጓንት አጥልቄ ነው የወደድኩት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ሳልጠነቀቅ ብነካው ጉድ አደረግሁት!» 

ዳይሬክተሩ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ሲቀመጡ ያረጁ መሰሉ። «ፈተናው ተሰርዟል። በሚቀጥለው ወር ከሌላ ተቋም ፈታኝ ይመጣል፤ ሦስተኛውን እንደገና ይፈተናል። አንቺ ከዛሬ ጀምሮ አታሠለጥኚም። ሐሰት ፈርመሻል። ይህን የሚልሽ ዳይሬክተሩ ነው።»

«አባቴስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትሽ ጊዜ ስጪኝ ይልሻል። የከፋኝ ስለደበቅሽኝ ብቻ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። ማንነቱም አለበት። አያምርም፤ ግን አለበት።» ካርዱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እንፋሎት ገፉለት፤ እሷም የአሠልጣኝነት ባጇን ከደረቷ ነቅላ ካርዱ በነበረበት ቦታ አስቀመጠች። ሰባት ዓመት የለፋችበት ነገር ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት እንዴት ትንሽ ነበር!

ኮሪደሩ በከሰዓቱ ሠልጣኞች ተሞልቷል። ወንበር አንሷቸው ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። እንፋሎት በመካከላቸው ፈጥኖ ይሄዳል።

«ቁም እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እሱም ቆመ።

ደረሰችበት። «ስደበኝ» አለችው። «ዝም አትበለኝ፤ ስደበኝ።»

«ምን ብዬ?» ዓይኑ ቀልቷል። «ሥራሽን ለእኔ ጣልሽ፤ ምን ብዬ ልስደብሽ? ግን አንድ ነገር ስሚኝ። የጎዳኝ መውደቄ አይደለም። እጄን አላነሣሁም። አውቀው ነበር፤ ስሜን እንደማውቅ አውቀው ነበር። አንቺ ‹አየሁ› ስትዪኝ ግን ስምንት ዓመት ያኖረኝን እጄን ዋሾ አልኩት። ገባሽ? አንቺን ላምን ብዬ ራሴን ካድኩ። እንዲህ አድርጎ የሚወድ ሰው አንድ ቀን ይሞታል።»

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ እንዲህ አልወድሽም።»

 ግድግዳውን ያዘች። የፈራችው ሁሉ ደረሰ ማለት ነው፤ ሥራው ሄደ፣ የአባቷ ፊት ጠቆረ፣ አሁን ደግሞ እሱ። መጠየቅ አልነበረባትም፤ ጠየቀች።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

 ሠልጣኞቹ ወረቀት የሚያነቡ መስለው ጆሯቸውን አቁመዋል። እትዬ ከታጠበ የካባ ክምር ጀርባ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ዓይኔን ገልጬ» አለ በመጨረሻ። «ስትሳሳቺ ተሳሳትሽ እያልኩሽ። ከቻልሽው።»

 እዚያው ኮሪደሩ መካከል፣ ከሰዓት ልታስተምራቸው የነበሩ ሰዎች ፊት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቢጠይቋት ስለጠፋው ነገር ታልቅስ ስለቀረው አታውቀውም ነበር፤ ራሷን ግን ነቀነቀችለት፣ አዎ፣ እችለዋለሁ እያለች።